ባክቴሪያው ሳይታይ ስለሚሰጥ አንቲባዮቲክ፤ በፕሮስቴት ብግነት ሕክምና ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ አጎቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን መድኃኒት ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱም ጊዜ ለብዙ ሳምንታት ወሰዱ። ሕመማቸው በብልትና በፊንጢጣ መካከል የሚሰማ መጫንና ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎም ሽንት መምጣት ነበረ። ምክንያቱን ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ «የፕሮስቴት ኢንፌክሽን ነው» የሚል ሲሆን፣ በሦስቱም ጊዜ ሽንታቸው በማብቀያ ላይ ተደርጎ ባክቴሪያ ይኑርበት ወይም አይኑርበት አልታየም። እኔም የሕይወት ሳይንስ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን «ባክቴሪያውን ማን አየው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሐኪም ያለውን ተማሪ አይመረምርም በማለት ጥያቄዬን ያልወደዱልኝ ዘመዶች ነበሩ። ይህ ጽሑፍ በከፊል ለእነርሱ የምሰጠው መልስ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሕመምተኛም ይህን አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ አልጽፍም። የማደርገው ታትመው የወጡትን ጥናቶች ማንበብና የሚሉትን ከማይሉት መለየት ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቧንቧውን ከቦ የተቀመጠ አካል ነው። በጤነኛ ጎልማሳ 20 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሥራውም ከዘር ፈሳሽ አንዱን ክፍል ማመንጨት ነው። በአማርኛ ስንጠራው «የፕሮስቴት ዕጢ» እንላለን። ይህ አጠራር ትክክል ቢሆንም ችግር አለበት፤ ምክንያቱም «ዕጢ» የሚለው ቃል በተፈጥሮ ያለውንም አመንጪ አካል፣ በበሽታ የሚበቅለውንም እባጭ በአንድነት ስለሚጠራ፣ «የፕሮስቴት ዕጢህ ታሟል» የተባለ ሰው ነቀርሳ ይዞኛል ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ቃል ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ብግነት ማለት አካል ተቈጥቶ መቅላቱ፣ ማበጡና ማመሙ ሲሆን፣ ኢንፌክሽን ማለት ግን ተህዋስያን ገብተው መራባታቸው ነው። እግሩ የተወለከፈ ሰው ብግነት አለበት፤ ኢንፌክሽን ግን የለበትም። በየመድኃኒት ቤቱና አንዳንድ ጊዜም በየክሊኒኩ ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ስለሚነገሩ፣ ብግነት የተባለው ሁሉ ጀርም አለበት ይባላል፤ ጀርም አለበት ከተባለም አንቲባዮቲክ ይከተላል። የምተቸው ይህን የአስተሳሰብ ሰንሰለት ነው።

በሕክምና ትምህርት ዛሬ የሚሠራበት አከፋፈል በ1995 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በተደረገ ስብሰባ የተወሰነውና በ1999 የታተመው ነው። በእርሱ መሠረት የፕሮስቴት ብግነት አራት ክፍል አለው። አራተኛው ምንም ሕመም የማይሰማው፣ በሌላ ምርመራ ምክንያት በአጋጣሚ የሚገኝ ስለ ሆነ እዚህ አያስፈልገንም።

አንደኛው ድንገተኛው ነው። ሰውየው በብርቱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ በማለት ይያዛል፤ ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ አልወጣ ይለዋል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከአንጀት የሚመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በዚህ ክፍል አንቲባዮቲክ ሕይወት ያድናል፤ ማንም አይከራከርበትም፤ እኔም አልከራከርም። እንዲያውም ማሳጠሩ እንኳ አደጋ አለው። በፈረንሳይ አገር ተደርጎ በ2023 የታተመ ጥናት፣ ትኩሳት ያለበት የሽንት ኢንፌክሽን ለያዛቸው ወንዶች ኦፍሎክሳሲንን ለ7 ቀንና ለ14 ቀን በመስጠት አወዳድሮ፣ የ7 ቀኑ የተሳካው በ55.7 ከመቶ፣ የ14 ቀኑ ግን በ77.6 ከመቶ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ባለው ሕመም ፕሮስቴቱ አብሮ እንደሚነካ ይታመናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን አንብቦ «አንቲባዮቲክ ለፕሮስቴት አይረባም» የሚል ቢኖር ጽሑፌን አልተረዳውም።

ሁለተኛው ሥር የሰደደው የባክቴሪያ ብግነት ነው። ምልክቱ ያው አንድ ባክቴሪያ እየጠፋ መመለሱ ነው። ይህን ለመለየት ሚርስና ስቴሚ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1968 ያወጡት ዘዴ በጣም ያማረ ነው፤ በአራት ብርጭቆ የሚሠራ ምርመራ ይባላል። በመጀመሪያው ብርጭቆ መጀመሪያ የሚወጣው 10 ሚሊ ሊትር ሽንት ይያዛል፤ ይህ የሽንት ቧንቧውን ያሳያል። በሁለተኛው ከመካከል የሚወጣው ሽንት ይያዛል፤ ይህ ፊኛውን ያሳያል። ቀጥሎ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ፕሮስቴቱን በጣቱ አሽቶ የሚወጣውን ፈሳሽ በሦስተኛው ይይዛል። በመጨረሻም ከማሸቱ በኋላ የሚወጣው ሽንት በአራተኛው ይያዛል። በኋለኞቹ ሁለት ብርጭቆዎች ያለው ባክቴሪያ ከፊተኞቹ አሥር እጥፍ የበለጠ እንደ ሆነ፣ መኖሪያው ፕሮስቴቱ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ዘዴው የሚጠይቀው ብርጭቆ፣ ማብቀያና ትዕግሥት ነው። በኋላ ዘመን ከማሸቱ በፊትና በኋላ ያለውን ሽንት ብቻ በመያዝ በሁለት ብርጭቆ የሚሠራ አጭር ዘዴ ወጥቶ፣ ውጤቱ ከአራቱ ብዙ እንደማይለይ ታይቷል። ይህም ሆኖ ምርመራው በሚገባው መጠን አይሠራም፤ ሲፕሮ ማዘዝ ሁለት ደቂቃ ሲፈጅ ማሸትና ማብቀል ቀናት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ስለ መድኃኒቱ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ለኬሚስትሪ ተማሪዎችም ደስ የሚል ነውና። ጤነኛ ፕሮስቴት ከደም ወደ ፈሳሹ የሚያልፈውን ሁሉ አያስገባም። የሚያልፈው በስብ ውስጥ የሚሟሟና የኤሌክትሪክ ጭነት የሌለው ሞለኪዩል ነው። አብዛኞቹ የፔኒሲሊን ወገኖች ደካማ አሲዶች ስለ ሆኑ በደም ውስጥ ጭነት ይዘው ከደጅ ይቀራሉ። (በድንገተኛው ክፍል ግን ብግነቱ አጥሩን ስለሚያፈርሰው ይገባሉ።) ትሪሜቶፕሪም የተባለው ደካማ ቤዝ ግን ጭነት ሳይይዝ አጥሩን ያልፍና፣ ፈሳሹ አሲድነት ያለው ከሆነ እዚያው ጭነት ይዞ መውጫ አጥቶ ይከማቻል። ይህ በውሻ ላይ ተፈትኖ በእርግጥም መድኃኒቱ በፕሮስቴት ፈሳሽ ውስጥ ከደም በልጦ ተገኘ፤ ብዙዎችም መፍትሔ ተገኘ ብለው ተደሰቱ። በኋላ ግን የውሻ ፕሮስቴት ፈሳሽ አሲድ ቢሆንም፣ የተቃጠለ የሰው ፕሮስቴት ፈሳሽ ወደ አልካላይን የሚያደላ ሆኖ ተገኘ። በውሻ የተሠራው ሒሳብ በሰው ላይ ተገለበጠ። ፍሎሮኪኖሎን የሚባሉት፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ከእነርሱ አንዱ ነው፣ በአሲዱም በአልካላይኑም ሊገቡ የሚችሉ ስለ ሆኑ ለሁለተኛው ክፍል ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚሰጡበት ምክንያት ይህ ነው። ይህም በቂ ምክንያት ነው፤ ባክቴሪያው እስከ ታየ ድረስ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክፍል እንምጣ፤ ክርክሩ ያለው በዚህ ነው። ሥር የሰደደ የዳሌ ውስጥ ሕመም ይባላል። ሰውየው ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል ይታመማል፤ ባክቴሪያ ግን አይገኝበትም። የፕሮስቴት ብግነት አለባቸው ከሚባሉት ወንዶች ከአሥሩ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት በዚህ ክፍል ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ባክቴሪያ ላልተገኘበት ሰው የባክቴሪያ መድኃኒት ለምን ይሰጣል? ሰጪዎቹ የሚያቀርቡት መልስ «ብዙዎች ይሻላቸዋል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም የሚያረጋግጠው ነገር ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ለዚህ መልስ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በ2001 በጆርናል ኦቭ ዩሮሎጂ የታተመው የካናዳውያን ጥናት ነው። ዶክተር ኒክልና ባልደረቦቻቸው ለ102 ሰዎች ኦፍሎክሳሲንን ለ12 ሳምንት ሰጡ። 57 ከመቶ የሚሆኑት መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሻል አገኘን አሉ። ይህን ቁጥር ብቻ የያዘ ሐኪም ለሕመምተኛው በሙሉ ልብ ያዝዛል። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ባክቴሪያ የተገኘባቸውና ያልተገኘባቸው፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ያሉባቸውና የሌሉባቸው በመሻል አልተለያዩም። ይህን ሁለት ዓይነት ማንበብ ይቻላል። አንደኛው፣ በምርመራ የማይያዝ የተደበቀ ባክቴሪያ በሁሉም አለና ለሁሉም እንስጥ የሚል ነው። ሁለተኛው ግን፣ ባክቴሪያ ኖረም አልኖረም ያው እኩል የሚሻል ከሆነ መሻሉ የመጣው ባክቴሪያ ከመግደል ላይሆን ይችላል የሚል ነው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ምክንያቱም ጥናቱ መድኃኒት የሌለበት ክኒን የሚወስድ ሌላ ቡድን አልነበረውም። ይህ ዓይነቱ ሕመም የሚነሣና የሚተኛ ነው፤ ሰውም ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በተነሣበት ቀን ነው። እንዲህ ባለ ቀን ስኳር ቢሰጡት እንኳ በሚቀጥለው ወር ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ከዚህም ሌላ ፍሎሮኪኖሎኖች ባክቴሪያ በሌለበትም ብግነትን በመጠኑ የማብረድ ጠባይ እንዳላቸው በላቦራቶሪ ታይቷል።

ስለ ዶክተር ኒክል ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ጥናታቸው ሳይመዘን እንዲቀር አልተዉትም፤ በ2003 በ80 ሰዎች ላይ ሌቮፍሎክሳሲንን ለ6 ሳምንት ከባዶ ክኒን ጋር አወዳደሩት። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን በቁጥር የጸና ልዩነት አልተገኘም። የገዛ ተስፋቸውን ለፈተና ያቀረቡ ሰዎች ብዙ አይደሉም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2004 ነው፤ በአናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲሲን ታትሟል። በአሥር የሕክምና ማዕከሎች 196 ወንዶች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ሲፕሮፍሎክሳሲንን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ታምሱሎሲንን 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ሦስተኛው ሁለቱን፣ አራተኛው ባዶ ክኒን ለ6 ሳምንት ወሰደ። መመዘኛው ሕመምን፣ የሽንትን ችግርና ኑሮን በ43 ነጥብ የሚለካው መጠይቅ ነበረ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የወሰዱት ካልወሰዱት በሚገባ አልተለዩም፤ ታምሱሎሲንም እንዲሁ።

ይህን ጥናት እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚጠቅሱት አሉ። እኔ በዚህም አልስማማም። የተመረጡት ሰዎች ለረጅም ጊዜ የታመሙ፣ አብዛኞቹም ከዚያ በፊት ሌላ ሌላ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክም ጭምር የሞከሩ ነበሩ። በአንቲባዮቲክ ይድን የነበረ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ድኖ ከጥናቱ ውጪ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥናቱ የሚነግረን «ብዙ ሕክምና ላልሠራለት ሰው ሌላ 6 ሳምንት ሲፕሮ መስጠት አይረባም» የሚለውን እንጂ «ትናንት ለታመመው አይረባም» የሚለውን አይደለም። የአጎቴ ሦስተኛ ዙር ግን በትክክል በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል።

በ2019 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ለተቃራኒው ወገን የሚያግዝ ነገር አለው፤ መደበቅም አይገባኝም። 372 ሰዎች ያሉባቸውን 5 ጥናቶች ደምሮ፣ አንቲባዮቲክ ከባዶ ክኒን ይልቅ ሕመሙን በ2.43 ነጥብ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። ሆኖም ከ43 ነጥብ ውስጥ ሰው በእርግጥ ተሻለኝ የሚለው 6 ነጥብ ያህል ሲቀንስለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ተጠንቷል። ሁለት ነጥብ ተኩል በወረቀት ላይ ይታያል፤ ሌሊት ለሽንት የሚነሣው ሰው ግን ላያውቀው ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ ግን የሕክምና ሙከራ ያልሆነ፣ በ2003 የታተመ አንድ ቆጠራ ነው። ሕመሙ ያለባቸው 463 ወንዶችና ምንም ሕመም የሌለባቸው 121 ወንዶች በአራቱ ብርጭቆ ዘዴ ተመረመሩ። በፕሮስቴት ውስጥ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የተገኘው ከታመሙት በ8.0 ከመቶ፣ ከጤነኞቹ ደግሞ በ8.3 ከመቶ ነው። ይህ ቁጥር በሚገባ ከታሰበበት የሚያስደነግጥ ነው፤ ባክቴሪያ መገኘቱ እንኳ ብቻውን የሕመሙ ምክንያት እርሱ መሆኑን አያስረዳም ማለት ነውና። እዚህ ላይ ለራሴ ክርክርም እንቅፋት አለበት፤ እኔ «መጀመሪያ ባክቴሪያው ይታይ» ስል፣ ታይቶም የማይጠቅምበት ጊዜ እንዳለ ይህ ቆጠራ ይነግረኛል። የሁለተኛው ክፍል ምልክት አንድ ጊዜ መታየት ሳይሆን ያው ባክቴሪያ ደጋግሞ መመለሱ የሆነውም ስለዚህ ነው።

«ቢጠቅምም ባይጠቅምም ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ከዘመዶቼ መጥቶልኛል። ይጎዳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፍሎሮኪኖሎኖች ጅማትን፣ ይልቁንም የተረከዝን ጅማት፣ እንደሚያቃጥሉና እንደሚበጥሱ በ2008 በከፍተኛው የማስጠንቀቂያ ዓይነት አስታወቀ፤ በ2016 ደግሞ ሌላ መድኃኒት ለሚበቃቸው ቀላል ኢንፌክሽኖች እንዳይሰጡ መከረ። የአውሮፓ ተቈጣጣሪም በ2018 እና በ2019 አጠቃቀማቸውን አጥብቧል። በነርቭ ላይ የሚያመጡት ጉዳትም አለ፤ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ይቆያል። ይህ ጉዳት በብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ነገር ግን ጥቅሙ ባልታወቀበት ቦታ ጥቂቱም ጉዳት ትርፍ ነው።

በአገራችን ደግሞ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ሲፕሮ በከተሞቻችን ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛ፣ ለታይፎይድም ለተቅማጥም ለሽንትም የሚዋጥ መድኃኒት ሆኗል። ባክቴሪያ ደጋግሞ የሚያውቀውን መድኃኒት ይላመዳል። ዛሬ ለዳሌ ሕመም ሲፕሮ በከንቱ የዋጠው ሰው ነገ በድንገተኛው ብግነት፣ በትኩሳት ሲወድቅ፣ የሚያድነው መድኃኒት ደንዝዞ ሊያገኘው ይችላል። ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ይህ በሽታ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ መሆኗ የታወቀ ነው፤ በሽታውም ወደ ኩላሊት፣ አልፎ አልፎም ወደ ፕሮስቴት ይወርዳል፤ በተለመደው ማብቀያም አይበቅልም። ፍሎሮኪኖሎኖች ደግሞ የነቀርሳውን ባክቴሪያ ሳያጠፉ ለጊዜው ስለሚያዳክሙት፣ ሕመምተኛው የተሻለው መስሎ ትክክለኛው ምርመራ ይዘገያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ስለ ኢንፌክሽን የሚነገረው ቃል በትዳር ላይ የሚያደርሰውንም ልናገር። የወንድ ሽንት ሲያቃጥል በአገራችን መጀመሪያ የሚታሰበው ወይ ኩላሊት ነው ወይ ጨብጥ ነው። «ኢንፌክሽን አለብህ» የተባለ ባል ሚስቱን ይጠረጥራል፤ ሚስትም ባልዋን። ባክቴሪያ ሳይታይ የተነገረ አንድ ቃል ለወራት ቤት ሊያናጋ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ጨብጥና ክላሚዲያ መኖራቸው መመርመር አለበት፤ የምለው ግን ሳይመረመሩ እንዳሉ መቈጠር የለባቸውም ነው።

እንግዲህ ባክቴሪያ ያልተገኘበት ሰው ምን ይደረግለት? በ2009 የቀረበ አንድ አመዳደብ ሕመምተኛውን በስድስት በኩል እንዲያዩት ሐኪሞችን ይመክራል፤ ሽንቱን፣ ሐሳቡንና ጭንቀቱን፣ ፕሮስቴቱን፣ ኢንፌክሽኑን፣ ነርቡን፣ የዳሌውን ጡንቻ። ኢንፌክሽን ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። ይህ አመዳደብ ራሱ ገና ብዙ ፈተና ያሻዋል፤ ቢሆንም ለሁሉም አንድ ክኒን ከመስጠት የተሻለ ጥያቄ ይጠይቃል።

ያልተመለሰው ጥያቄ የ2004ቱ ጥናት የተወው ነው፤ ሕመሙ ከጀመራቸው ጥቂት ወራት ለሆናቸው፣ ከዚህ በፊትም አንቲባዮቲክ ላልወሰዱ ሰዎች አንድ ዙር መድኃኒት ይጠቅም እንደ ሆነና እንዳልሆነ። እንዲህ ያሉ ሰዎችን እዚህ ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለኛል፤ ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ በመንገዳቸው ሲፕሮ ገዝተው ይመጣሉና። ለትንሽ የተማሪ ጥናት የሚበቃው ሌላው ነው፤ በአንድ ሐኪም ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ «የፕሮስቴት ኢንፌክሽን» ተብለው ከተመዘገቡት ወንዶች ስንቶቹ ሽንታቸው በማብቀያ ላይ እንደ ተደረገ፣ ውጤቱም ከመምጣቱ በፊት ስንቶቹ መድኃኒቱን እንደ ጀመሩ መዝገብ አገላብጦ መቍጠር ነው። አጎቴ በዚህ ዓመት በራሳቸው ጥያቄ ምርመራውን አስደርገው ባክቴሪያ አልተገኘባቸውም። አራተኛው ማዘዣ ግን ከውጤቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ተጽፎላቸው ነበረ።